ለአንባቢው ደመወዝ ማን ይከፍላል?



የታሪክ፣ የቋንቋ፣ የሥነ ጽሑፍ ወይም የፍልስፍና ተመራማሪ ከሌሎች ተመራማሪዎች አንጻር ወጪው ቀላል ነው። ቤተ ሙከራ አይሠራለትም፤ ኬሚካል አይገዛለትም፤ ሳተላይት አይመጥቅለትም። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መብራትና መጻሕፍት ካገኘ ሥራው ይጀመራል። ውዱ ነገር ጊዜው ነው። አንድን የግእዝ ገድል ከአምስት ከስድስት ብራና አስተያይቶ፣ የንባቡን ልዩነት ለቅሞ፣ ተርጉሞና ሐተታ ጽፎ ለኅትመት ማድረስ ዓመታት ይወስዳል። በእነዚያ ዓመታት ተመራማሪው ይበላል፣ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ልጅ ያሳድጋል። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ድጋፍ የሚሉት ገንዘብ፣ ወደ እነዚህ ዘርፎች፣ ማለትም ወደ ሂዩማኒቲስ፣ ሲመጣ አብዛኛው ለማንበቢያ ጊዜ የሚከፈል ደመወዝ ነው።

ይህን ደመወዝ ከመንግሥትና ከተማሪ ክፍያ ሌላ ሲከፍሉ የኖሩት በጎ አድራጊ ባለጸጎችና እነሱ ያቋቋሟቸው ፋውንዴሽኖች ናቸው። የሚከፍሉበት መንገድ በዘመናችን ተለውጧል። ታሪኩ በአብዛኛው የአሜሪካ ታሪክ ነው፤ ግን የእኛ ብራናዎች ብዙዎቻችን ከምንገምተው በላይ ገብተውበታል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ሐሳቤን ገና ከጅምሩ ላስቀምጥ። «ለሂዩማኒቲስ የሚሰጥ ገንዘብ ደረቀ» የሚለውን እሮሮ እንደወረደ አልቀበለውም። ገንዘብ አለ፤ አንዳንዱም ከቀድሞው ይበልጣል። የተለወጠው የሚገዛው ነገር ነው። ቀድሞ የሰውን ጊዜ ይገዛ ነበር። አሁን ሊታይ፣ ሊቆጠርና ሊመረቅ የሚችል ነገር መግዛት ይቀናዋል።

በዘርፉ ከሁሉም የሚገዝፈው ሰጪ የሜለን ፋውንዴሽን ነው። አንድሩ ሜለን የፒትስበርግ ባንክ ባለጸጋ፣ በኋላም የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር ነበር። ልጆቹ ፖልና ኤይልሳ ለየብቻ ያቋቋሟቸው ፋውንዴሽኖች በ1969 ተዋሕደው በአባታቸው ስም ተጠሩ። ሀብቱ ዛሬ ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ የግል ፋውንዴሽን በየዓመቱ ከሀብቱ 5 በመቶ ያህሉን እንዲያወጣ ያስገድዳል። ስሌቱን እናንተ ሥሩት። ሰጪው ቢፈልግም ባይፈልግም በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር መውጣት አለበት። ጥያቄው ለማን የሚለው ብቻ ነው።

ለብዙ ዓመታት መልሱ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለቤተ መጻሕፍት ነበር። በ1990ዎቹ ሜለን ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰው የዶክትሬት ተማሪዎች ትምህርታቸውን በጊዜው እንዲጨርሱ ነው። በ1991 በጀመረው አንድ ፕሮግራም በ10 ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የሚገኙ 54 የትምህርት ክፍሎችን ለ10 ዓመት ያህል ደግፏል። ውጤቱ በኋላ ሲመዘን ከተጠበቀው ያነሰ ሆነ፤ ተማሪዎቹ ያፈጠኑት በጥቂቱ ነው። ይህ ለእኔ የሚያሳፍር ውድቀት አይደለም። ዝግ ያለ ንባብ በገንዘብ አይፈጥንም፤ ገንዘብ የሚሰጠው አለመቋረጥን ነው። ከሜለን ሥራዎች አንዱን ግን እዚህ ያላችሁ ተማሪዎች ሁሉ ታውቁታላችሁ። ጄስቶር በ1995 የተቋቋመው በዚህ ፋውንዴሽን ነው። የድሮ መጽሔቶችን ገጽ በገጽ አንሥቶ በኮምፒውተር ያሳየን እሱ ነው።

በ2018 ገጣሚና የሥነ ጽሑፍ ምሁር የሆነችው ኤሊዛቤት አሌክሳንደር የፋውንዴሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነች። በሰኔ 2020 ፋውንዴሽኑ ከእንግዲህ የሚሰጠውን ገንዘብ ሁሉ በማኅበራዊ ፍትሕ ሚዛን እንደሚመዝን አስታወቀ። በዚያው ዓመት የአሜሪካን ሐውልቶችና መታሰቢያዎች እንደገና ለማሰብ 250 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ ኋላም ገንዘቡን በእጥፍ አሳደገው። ይህ ውሳኔ ግማሹን አስደሰተ፣ ግማሹን አስቆጣ። ጭቅጭቁ ያተኮረው ዓላማው ላይ ነበር፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን አሠራሩ ነው። ለምሳሌ ከ2006 ጀምሮ በሜለን ገንዘብ፣ በአሜሪካ የምሁራን ማኅበራት ምክር ቤት በኩል፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለመጨረስ አንድ ዓመት ለቀራቸው ተማሪዎች የሚሰጥ ፌሎሺፕ ነበር። በ2020ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ። በምትኩ የመጣው ገና ምርምራቸውን በመንደፍ ላይ ላሉና አዲስ ዘዴ ለሚሞክሩ ነው። አዲስ ዘዴ መሞከር መልካም ነው። ግን አንዱን ጽሑፍ ከጫፍ ያደረሰ፣ ስለ አዲስ ዘዴ የሚናገረው የሌለው፣ አንድ ዓመት ብቻ የጎደለው ተማሪ በሩ ተዘግቶበት ቀረ።

ግለሰብ ባለጸጎችስ? ሁለት ስጦታዎችን ጎን ለጎን ላቁምላችሁ። በ2018 ቢል ሚለር የተባለ ታዋቂ የአክሲዮን ነጋዴ ለጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ትምህርት ክፍል 75 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ሰውየው በወጣትነቱ በዚያው ክፍል የዶክትሬት ተማሪ ነበር፤ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ ገንዘብ ሥራ ገባ። ስጦታው የመምህራኑን ቁጥር ከ13 ወደ 22 ለማሳደግ የታሰበ ነው። ሌላው ስጦታ በ2019 የአሜሪካው ባለሀብት ስቲቨን ሽዋርዝማን ለኦክስፎርድ የሰጠው 150 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ኦክስፎርድ በገንዘቡ በሰጪው ስም የሚጠራ ግዙፍ የሂዩማኒቲስ ማዕከል ሠራ። የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ሥነ ምግባር የሚያጠና ተቋምም በውስጡ አቋቋመ። የሙዚቃ አዳራሹ፣ ቤተ መጻሕፍቱና የመማሪያ ክፍሎቹ የሚያስቀኑ ናቸው። ሆኖም ሁለቱን ሳነጻጽር ልቤ ወደ ሚለር ያዘነብላል፤ ለዘጠኝ ተጨማሪ ሰዎች የማሰቢያ ጊዜ ከፍሏልና። ሕንፃ ላይ ስምን ማጻፍማ የአሜሪካ ባለጸጋ የፈጠረው አይደለም። በብራናዎቻችን ውስጥ የአስጻፊው ስም ተፍቆ የኋለኛው ባለቤት ስም የገባበት ቦታ ስንት ነው!

ሰጪ ሲሰጥ ምን ያህል ማዘዝ እንደሚችል ያስተማረው የዬል ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው። በ1991 የቴክሳሱ ሊ ባስ የምዕራባውያንን ሥልጣኔ ለማስተማር 20 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ዓመታት አለፉ፤ ፕሮግራሙ አልተጀመረም። በኋላ ሰጪው በገንዘቡ የሚቀጠሩትን መምህራን የማጽደቅ መብት ይሰጠኝ አለ። ዬል አሻፈረኝ ብሎ በ1995 ገንዘቡን መለሰ። 20 ሚሊዮን ዶላር መመለስ ለዬል ተቻለ። ለደካማ ዩኒቨርሲቲ ግን እንዲህ ያለው ጀግንነት ከአቅም በላይ ነው፤ ሰጪዎችም ይህን ያውቃሉ።

አሁን ወደ እኛው ብራናዎች ልምጣ።

በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የቤኔዲክት መነኮሳት በ1965 የብራና መጻሕፍትን ፎቶ የማንሣት ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያውን ገንዘብ የሰጠው የባቡር ሐዲድ ባለጸጋው የሂል ቤተሰብ ፋውንዴሽን ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። በ1973 ይህ ቤተ መጻሕፍት፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክና በቴነሲ የሚገኘው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተባብረው የኢትዮጵያን ብራናዎች ወደ ማይክሮፊልም መገልበጥ ጀመሩ። አብዮቱ ፈነዳ፤ ሥራው ግን አልቆመም። እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተነሡ። ናሽናል ኢንዶውመንት ፎር ዘ ሂዩማኒቲስ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ተቋምም ለሥራው ድጎማ ሰጥቷል።

ፊልሙን ማንሣት የሥራው ግማሽ ነበር። ሌላው ግማሽ እያንዳንዱን ብራና አንብቦ በውስጡ ምን እንዳለ መጻፍ ነው። ይህን የተሸከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 የደርግ ወታደሮች ተኩሰው ካቆሰሏቸው በኋላ ቀሪ ዘመናቸውን በተሽከርካሪ ወንበር አሳለፉ። ወደ ሚኒሶታ ሄደው ለአሥርት ዓመታት ፊልሙን ቅጠል በቅጠል አነበቡ። የፊልሙ ካታሎግ ከ1975 እስከ 1993 በ10 ጥራዝ ታተመ፤ የመጀመሪያዎቹን ጥራዞች ያዘጋጁት ዊልያም ማኮምበር ናቸው፤ የቀሩትን ፕሮፌሰር ጌታቸው፣ ከፊሉን ከማኮምበር ጋር፣ ከፊሉን ብቻቸውን ሠሩ። 10ኛው ጥራዝ የሚያበቃው ቁጥር 5,000 ላይ ነው። የተነሣው ከ9,000 በላይ፣ በታተመው ካታሎግ የተገለጸው 5,000። ካሜራው ከአንባቢው ስንት እርምጃ እንደቀደመ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም። የቀሩት ብራናዎች መግለጫ ከብዙ ዓመታት በኋላ በኢንተርኔት መውጣት ጀምሯል።

በ1988 ፕሮፌሰር ጌታቸው የማካርተር ፌሎሺፕ ተሰጣቸው። ማካርተር ማመልከቻ አይቀበልም፤ ፕሮፖዛል አያስጽፍም፤ ሪፖርትም አይጠይቅም። ሰውየውን በምስጢር ያስመረምርና ለአምስት ዓመት የፈለገውን ይሥራ ብሎ ይከፍለዋል። ከአሜሪካ የልግስና መንገዶች ሁሉ ለእኛ አገር የትምህርት ወግ የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ሲለምን የሰጠችው እናት ቅኔው መቼ ያልቃል፣ ስንት ገጽ ደረስህ ብላ አልጠየቀችም። መንደሩ የሚያበላው መማሩን ነው። በእርግጥ ያ ልጅ በውሻ ተነክሷል፣ በረኀብና በበሽታም ተሰቃይቷል፤ ናፍቆት ይዞኝ አላሳምረውም። ነገር ግን ዜማውን፣ ቅኔውንና ትርጓሜውን ለዘመናት ያቆየው ያ አከፋፈል ነው።

ከ2004 ወዲህ በዘርፉ የገነነው አርካዲያ የሚባለው ድርጅት ነው። መሥራቾቹ ሊዝቤት ራውዚንግና ፒተር ባልድዊን ሁለቱም የታሪክ ምሁራን ናቸው፤ ሀብቱ የመጣው የሊዝቤት አያት ካቋቋመው ቴትራ ፓክ ከሚባለው የወተትና የጭማቂ ካርቶን ድርጅት ነው። በእነሱ ገንዘብ ብሪቲሽ ላይብረሪ አደጋ ያንዣበበባቸውን ሰነዶች የሚገለብጥ ፕሮግራም አቋቋመ። ደንቡ የሚመሰገን ነው፤ ዋናው ሰነድ ከአገሩ አይወጣም፣ አንድ ቅጂ እዚያው ይቀራል፣ ምስሉም ለሁሉም በነጻ ይከፈታል። በአገራችን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ብራናዎችና በትግራይ የማይ ወይኒ ገዳም መዛግብት በዚህ መንገድ ተነሥተዋል።

ዲጂታል ቅጂን እቃወማለሁ ብላችሁ እንዳትረዱኝ። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ በነበረው ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ሲጎዱ፣ ብራናም ሲዘረፍ ሲቃጠል፣ ቀድሞ የተነሣ ምስል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አይተናል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ካሜራ የሚሠራውን ለመቁጠር ይቀላል፤ ይህን ያህል ብራና፣ ይህን ያህል ምስል፣ በዚህን ያህል ወር። ለቦርድ ይቀርባል፣ ያስጨበጭባል። «ዘንድሮ አንድ ሰው አርባ ቅጠል አነበበ፤ ሦስት ቦታ ላይ የጸሐፊውን ስሕተት አገኘ» የሚል ሪፖርት ግን የትኛው ቦርድ ፊት ይቀርባል? እናም ምስሉ በፍጥነት ይከማቻል፤ የሚያነበው ሰው ግን በዚያ ፍጥነት አይፈጠርም።

መንግሥት ረጅም ጊዜ ሲሰጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ሃምቡርግን መመልከት ይበቃል። ቤተ መጻሕፍት የተባለው የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎች ፕሮጀክት በጀርመን የሕዝብ ገንዘብ ከ2016 እስከ 2040 ታቅዷል። አንድ ወጣት ረዳት ተመራማሪ ሆኖ ገብቶ በዚያው ሊሸብት ይችላል። የግል ፋውንዴሽን እንዲህ ያለ ቃል ሲገባ አላየሁም፤ አብዛኛው ሦስት ዓመት ከሰጠ ለጋስ ይባላል።

የአሜሪካው መንግሥት ግን በ2025 በተቃራኒው ሄደ። ቅድም የጠቀስኩት ናሽናል ኢንዶውመንት በ1965 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ዘመን የተቋቋመ፣ ዓመታዊ በጀቱ 200 ሚሊዮን ዶላርን ጥቂት የሚያልፍ ተቋም ነው። በሚያዝያ 2025 አስቀድሞ ካጸደቃቸው ድጎማዎች ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑትን በደብዳቤ ሰረዘ። በየስቴቱና በየግዛቱ የሚገኙት 56 የሂዩማኒቲስ ምክር ቤቶችም ገንዘባቸው ተቋረጠ። በዚያው ወር ማብቂያ ሜለን 15 ሚሊዮን ዶላር ለአስቸኳይ እርዳታ ሰጠ። ምክር ቤቶቹ በዓመት ከመንግሥት ያገኙ የነበረው ግን ወደ 65 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከሁሉ የሚገዝፈው ፋውንዴሽን እጁን ዘርግቶ የሸፈነው ከሩብ ያነሰውን ነው።

ችግሩ እዚያ አላቆመም። በዚያው ክረምት የጸደቀ ሕግ፣ እጅግ ሀብታም የሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች ከቋሚ ፈንዳቸው በሚያገኙት ገቢ ላይ ይከፍሉት የነበረውን 1.4 በመቶ ግብር እስከ 8 በመቶ አወጣው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲም በቀጣዩ ዓመት በአብዛኞቹ የሂዩማኒቲስ ክፍሎቹ አዲስ የዶክትሬት ተማሪ እንደማይቀበል አስታወቀ። ቁጠባ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው ተማሪው ጥቂት የሆነ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ይቀጥናል እንጂ አይጠፋም። ግእዝ፣ ሱርስትና ቅብጥ ግን በአንድ መምህር ጡረታ መውጣት ብቻ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ሊሰናበቱ ይችላሉ።

ለዚህ ነው በቶሮንቶ የሆነው ነገር የሚስበኝ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ፕሮፌሰር የሆኑት ማይክል ጀርቨርስ ለኢትዮጵያ ጥናት ቋሚ ፈንድ እንዲቋቋም ከራሳቸው ኪስ 50,000 ዶላር አወጡ። በአበበ ቢቂላ ስም የተሰየመው የከተማዋ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ቢቂላ አዋርድ ገንዘቡን ከማኅበረሰቡ ማሰባሰቡን ያዘ። በ2016 ዘ ዊክንድ በሚለው ስሙ ዓለም የሚያውቀው፣ በቶሮንቶ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ድምፃዊ አቤል ተስፋዬ 50,000 ዶላር ጨመረ። በጥር 2017 የግእዝ ትምህርት ተጀመረ። በ2020 አቤል ሌላ ገንዘብ ሰጠ፤ ፈንዱም ያለመውን 500,000 ዶላር ሞላ።

ይህ ገንዘብ ከሜለን ስጦታ አጠገብ ሲቆም ኢምንት ነው። አወቃቀሩ ግን እስካሁን ከቆጠርኳቸው ከብዙዎቹ ይሻላል፤ የተሰጠው ለካሜራ ወይም ለሕንፃ ሳይሆን ለሚያስተምርና ለሚያነብ ሰው ነውና። በቋሚ ፈንድነቱ ዋናው ገንዘብ አይነካም፤ የሚወጣው ትርፉ ነው። ደግሞም ሰጪዎቹ ውጤቱን የሚያዩ ጎረቤቶች ናቸው፤ ፋውንዴሽን ስልቱን በለወጠ ቁጥር አብረው አይለወጡም።

ሒሳቡን ግን በዓይናችን እንየው፤ በእልልታ ብቻ እንዳናልፈው። ዩኒቨርሲቲዎች ከቋሚ ፈንድ በየዓመቱ 4 በመቶ ገደማ ያወጣሉ። የ500,000 ዶላር 4 በመቶ 20,000 ዶላር ነው። ይህ በዓመት አንድ ሁለት ኮርስ ያስተምራል፤ ፕሮፌሰር አይቀጥርም። አንድ ፕሮፌሰር ከነጥቅማ ጥቅሙ በዓመት 150,000 ዶላር ይፈጃል ብንል፣ እሱን ለዘለቄታው ለማቆየት 3.75 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልጋል። ያለው ፈንድ ሰባት ተኩል እጥፍ ማደግ አለበት ማለት ነው። በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶና በሎንዶን ያለው ሕዝባችን አብያተ ክርስቲያናትንና መስጊዶችን ገዝቶ ዕዳቸውን የከፈለ ሕዝብ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ አያስደነግጠኝም። የሚያስደነግጠኝ የስጦታው ውል ሳይነበብ መፈረሙ ነው።

«መስጠት እንፈልጋለን፣ ግን እንዴት?» የምትሉ ስለምትኖሩ፣ ውሉ ላይ የማያቸውን ቦታዎች ልንገራችሁ። ገንዘቡ «ለኢትዮጵያ ጥናት» ተብሎ በደፈናው ከተጻፈ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የትምህርት ክፍሉ ለጉባኤና ለእራት ግብዣ ሊያውለው ይችላል፤ «ለግእዝ መምህር ደመወዝ» ተብሎ ከተጻፈ ግን አይቻልም። ከመጠን በላይ ማጥበብም ጣጣ አለው። «በየዓመቱ ቢያንስ አሥር ተማሪ ከተመዘገበ» የሚል አንቀጽ ካለ፣ ስድስት ተማሪ በመጣበት ዓመት መምህሩ ይሰናበታል፤ የሄደ መምህር ደግሞ በማግስቱ አይመለስም። ማንን ይቅጠሩ በሚለው ውስጥ አትግቡ፤ ዬል ባስን ያሰናበተው በዚህ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ዩኒቨርሲቲው ከራሱ በጀት ምን እንደሚያዋጣ በቁጥር ይጻፍ። ሳይጻፍ ሲቀር እናንተ በሰጣችሁት ልክ እሱ የነበረውን ያነሣል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ስትቆጥሩ መምህሩ ያው አንድ ነው፣ ደመወዙን የምትከፍሉት ግን እናንተ ብቻ ሆናችሁ ታገኙታላችሁ።